«ስለ ኑዛዜ ሲነሣ ሟርት ነው ይላሉ»፦ ከቡሬ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከተሉን ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። የቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነሽ፤ ቀን ታስተምሪያለሽ፣ ማታ የአባትሽን ሒሳብ ትይዣለሽ። አባትሽ የ67 ዓመት ሰው ናቸው። ቡሬ ላይ የበቆሎና የበርበሬ መጋዘን፣ አንድ አይሱዙ፣ አራት የሚከራዩ ሱቆችና ሁለተኛው ወለል ላይ የቆመ ጅምር ፎቅ አላቸው። በ2013 ኮሮና ይዟቸው ባሕር ዳር 26 ቀን ተኙ። በእነዚያ 26 ቀናት የመጋዘኑ ቁልፍ በኪሳቸው፣ የባንኩ ፊርማ በእጃቸው፣ የባለዕዳው ስም በልባቸው ነበር። ታላቅ ወንድምሽ ለሕክምናው ብር ሲያጣ በአራጣ ተበደረ። እግዚአብሔር ይመስገን አባትሽ ድነው ተመለሱ፤ አራጣው ግን ዓመት ከመንፈቅ አስጨነቃችሁ። አሁን የምትጠይቂው ይህን ነው፦ «እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ደግሞ ቢመጣ ንግዱም ቤተሰቡም እንዳይፈርስ ከምን እንጀምር? አምስት ልጆች ነን። ስለ ኑዛዜ ሲነሣ አባየ ሟርት ነው ይላሉ።»

መልሴን አላዘገይብሽም። ከዶላር፣ ከወርቅ፣ ከቦታ ግዢ አትጀምሩ። የቤቱን ብርና የመጋዘኑን ብር ለዩ፤ በአባትሽ ልብ ውስጥ ያለውን ወደ ወረቀት አውጡ። ሁለቱንም አባትሽ ጤነኛ ሆነው፣ ቁጭ ብለው ቡና እየጠጡ ሳሉ አድርጉት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

ደብረ ማርቆስ ላይ የነጋዴ ሒሳብ መሥራት ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ። በኮሮና ጊዜ የወደቁትንም የቆሙትንም ከቅርብ አይቻለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር ዐቢይ ጾም ነበር። ሥጋ ቤቱም፣ ጠጅ ቤቱም፣ ሆቴሉም ዓይኑን የጣለው ሚያዝያ 11 በሚውለው ፋሲካና ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሠርግ ላይ ነው። ለዚያ ብሎ ሰንጋ ያሰረ፣ ማር የገዛ፣ ቢራ በዱቤ ያስገባ ብዙ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀን ተዘጉ። ከቡሬ ባሕር ዳር የሚወጣ ሰው እነዚህን ከተሞች ሳይረግጥ እንደማያልፍ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻው በግማሽ ወንበር እንዲጓዝ ታዘዘ፤ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛ እንዳያሰናብት ተደነገገ።

ይህን ያነሣሁት እያንዳንዱ ክልከላ በየት በኩል ወደ ነጋዴው ኪስ እንደገባ እንድታዪው ነው። ተከራዩ መክፈል አቃተው፤ አከራዩ ደግሞ ሊያስወጣው አይችልም፤ የሱቅ ኪራይን እንደ ደመወዝ የቆጠረ ቤተሰብ ባዶ እጁን ቀረ። እቁብተኛው መሰብሰብ ስላልቻለ ዕጣው ቆመ፤ ዕጣ የደረሰው እፎይ ሲል ያልደረሰው ብሩ ሰው እጅ ላይ ቀረበት። ደላላውና ገዢው መጓዝ ሲያቅታቸው እህሉ መጋዘን ውስጥ ተኛ። ጫኝና አውራጁ ግን በየቀኑ ይበላል፤ ጥበቃውም ወር ሲሞላ እጁን ይዘረጋል።

በዚያ ወቅት ካየኋቸው ቤቶች የፈረሱት ሀብት ያነሳቸው አልነበሩም። መሬት ላይ ቢቆጠር ሚሊዮን የሚያወጣ ንብረት ያለው ሰው ለሦስት ወር የሚያስተነፍሰው ጥሬ ብር አጥቶ አይሱዙውን በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ። ከ1880 ጀምሮ በነበረው ክፉ ቀን የሆነውም ይኸው ነበር። የከብት በሽታው ገብቶ በሬውን ሲጨርሰው፣ ሀብቱ ሁሉ በረት ውስጥ የነበረ ባላገር መሬቱ እያለ ማረሻ የሚጎትትለት አጥቶ ተራበ። አንድ በሽታ አንድ ዓይነት ሀብትን ለይቶ ይመታል፤ ያኔ በሬውን መታ፣ በ2012 ደግሞ የሰውን እንቅስቃሴ መታ። ያንተ ሀብት በሙሉ በሚመታው በኩል ከተከማቸ ብዛቱ አያድንህም።

አሁን ወደ ሁለቱ ኪሶች፣ ወደ ቤቱና ወደ መጋዘኑ ብር፣ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። እንደ እናንተ ያለ የእህል ነጋዴ ከኅዳር እስከ የካቲት ይገዛል፤ ዋጋ ከሰኔ ጀምሮ ሲነሣ ይሸጣል። እግረ መንገዱን ጥር ላይ አንድ መኪና በርበሬ ሸጦ መሳቢያው ሲሞላ ቤቱ ያገኘ ይመስለዋል። ያ ብር ግን ትርፍ አይደለም። አብዛኛው በነጋታው ገበያ ለገበሬ የሚከፈል የእህል መግዣ ነው። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው፤ ክርስትናው አለ፣ ተዝካሩ አለ፣ ለአጎት ልጅ የሚደረግ ድጋፍ አለ። እናትሽ ለዘይት ሲጠይቁ ከመሳቢያው ይወጣል፤ የአዲስ አበባው ወንድምሽ የቤት ኪራይ ሲጎድለው ከመሳቢያው ይላካል፤ የጅምር ፎቁ ብረት ሲመጣ ያው መሳቢያ ይከፈታል። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ አባትሽ «ዘንድሮ ሠርቼ ምንም የለኝም» ይላሉ። ሠርተዋል፣ አትርፈዋልም፤ የት እንደገባ የሚያውቅ ግን የለም። በደጉ ጊዜ ይህ መደባለቅ አይታይም። ገበያው ለሁለት ወር በቆመ ቀን ቤቱ የመጋዘኑን መግዣ ይበላዋል፤ ገበያው ሲከፈት መግዣ የለም፤ ያኔ አራጣ አበዳሪው በር ላይ ይቆማል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቁርጠኝነት ግን ይፈልጋል። ሁለት የባንክ ሒሳብ ይኑር፣ አንዱ የመጋዘኑ አንዱ የቤቱ። አባትሽ ከመጋዘኑ የወር ደመወዝ ይቆረጥላቸው። የቤቱ ወጪ ከዚያ ደመወዝና ከሱቆቹ ኪራይ ብቻ ይውጣ። ሠርግም ተዝካርም ቢመጣ ቤቱ ከራሱ ሒሳብ ያውጣ፤ ካልበቃው ከመጋዘኑ ይበደር፣ በቀን ይጻፍ፣ ይመለስ። አባትሽ «ከገዛ ብሬ እበደራለሁ?» ብለው መቆጣታቸው አይቀርም። አትከራከሪ። ሦስት ወር ብቻ ሞክሩልኝ በያቸው። በሦስተኛው ወር ብሩ የት እንደሚሄድ በዓይናቸው ሲያዩት አንቺ መናገር አያስፈልግሽም።

ደመወዙ ለታላቅ ወንድምሽም ይቆረጥ። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምነግርሽ ምክንያት አለኝ። ከአባቱ ጋር 14 ዓመት ያለ ደመወዝ የሠራ ልጅ በልቡ «ይህ መጋዘን የእኔ ላብ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ሌሎቹ ደግሞ «ይህ የአባታችን ንብረት ነው» ይላሉ፤ እነሱም እውነታቸውን ነው። አባት በሕይወት እስካሉ ሁለቱ እውነቶች ተቻችለው ይኖራሉ። አባት ያለፉ ዕለት ግን ፍርድ ቤት ይገናኛሉ። በወንድማማች ክስ የሒሳብ ምርመራ ስሠራ የኖርኩት በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት በተጣሉ ቤተሰቦች ነው። ወር በወር ደመወዝ የሚቀበል ልጅ ግን የድርሻውን ያውቃል፤ ለእህት ለወንድሞቹም ቂም አይቋጥርም።

አሁን ስለ ወረቀቱ። ጥር 2013 ላይ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ከማትርቅ አንዲት ከተማ አንዲት እናት አስጠሩኝ። ባለቤታቸው በኅዳር በኮሮና አርፈዋል። ጠረጴዛው ላይ ዘጠኝ ቁልፍ ያለው ማሰሪያና ጠርዛቸው በበርበሬ የቀላ ሦስት ደብተሮች አስቀመጡልኝ። አንዱን ስገልጥ እንዲህ ይላል፦ «ቀዩ ልጅ 4 ኩ.»፣ «የሉማሜው ቄስ 3,200»፣ «ባለጋቢው 11,000»፣ «ያ የማርያም ለት የመጣው 2 ኩ. ተኩል»። ቀዩ ልጅ ማነው? ባለጋቢው የየት አገር ሰው ነው? የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ እርሳቸው ደግሞ መቃብር ውስጥ ናቸው። ደብተሮቹን ስደምር ዱቤው ከ600,000 ብር በላይ ሆነ፤ በዓመት ውስጥ የተሰበሰበው ሲሶው እንኳ አልነበረም። የሉማሜው ቄስ ግን ሳይጠሩ ለአርባው መጥተው 3,200 ብራቸውን ቆጥረው ሰጡ። ሴትየዋ ያን ቀን ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። የኋላ ኋላ አንድ የበርበሬ ጆንያ ሲገለበጥ በጨርቅ የተጠቀለለ 46,000 ብር ወጣ፤ ሁሉም አሮጌው መቶ ብር። መስከረም 2013 የብር ኖቱ ሲቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር፤ ሰውየው በመካከሉ ታመሙ፣ ጊዜው አለፈ። ልጆቹ ያንን ጥቅል እያገላበጡ ዝም አሉ። አባትሽ «በእጅ ያለ ብር ይሻላል» ካሉሽ ይህን ንገሪያቸው።

ስለዚህ አንድ አዲስ ደብተር ግዢ። ባለዕዳው በሙሉ ስሙ፣ በቀበሌው፣ በስልኩ ይጻፍ፤ ያለበት መጠንና የመመለሻው ቀን ይታከልበት፤ ከጎኑ ይፈርም። ጥሬ ብር ያበደራችሁት ከ500 ብር በላይ ከሆነ፣ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም በመሐላ ካልተረጋገጠ በስተቀር ሕጋችን ማስረጃውን በጽሑፍ ይፈልጋል፤ «እግዜር ምስክሬ ነው» ማለት ዳኛ ፊት አያስኬድም። ገበሬው እንዳይቀየም ከሰጋችሁ «ለአባባ ማስታወሻ ነው» በሉት፤ እውነትም ማስታወሻ ነው። እናንተ ያለባችሁ ዕዳም በሌላ ገጽ ይስፈር። የቤት ካርታው፣ የመኪናው ሊብሬ፣ የንግድ ፈቃዱ፣ የብድር ውሉ፣ የእቁቡ ደብተር የት እንዳለ ይጻፍ፤ የሁሉም ፎቶ ኮፒ ሌላ ቤት ይቀመጥ። የስልኩ የምስጢር ቁጥር ታሽጎ ለእናትሽ ይሰጥ። ሰዉ ብሩን በስልክ ማንቀሳቀስ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ማለት መሳቢያ ማለት ነው፤ ለስልኩ መጥፋት እንጂ ለባለቤቱ መታመም የተዘጋጀ ቤት ግን እምብዛም አላየሁም።

የመጠባበቂያ ብር ምን ያህል ይሁን ብለሽ ነበር። በወር ሳትሸጡም የምታወጡትን ደምሪ። ለምሳሌ የጥበቃ፣ የሠራተኛ፣ የባንክ ክፍያና የመሳሰለው 38,000፣ የቤቱ አስቤዛና ትምህርት ቤት 27,000 ቢሆን በወር 65,000 ነው። ለአራት ወር 260,000 ብር በባንክ፣ በቤቱና በመጋዘኑ ስም ተከፍሎ ይቀመጥ። ከዚህ ላይ የሕክምናው ለብቻው ይሁን። ከአራት ወር በላይ ግን በባንክ አታስተኙ። በኮሮናው ዓመት የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነበር፤ የዋጋ ንረቱ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ። መቶ ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 አገኘ፤ ያንኑ ዕቃ ለመግዛት ግን 120,000 አስፈለገው። መጠባበቂያው የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ጥቅሙ ሌላውን ሀብት በረከሰ ዋጋ ከመሸጥ ማዳኑ ነው። አይሱዙውን በግማሽ ዋጋ የሸጠው ሰው 200,000 ብር በእጁ ቢኖር ኖሮ መኪናው ዛሬም ይሠራለት ነበር።

እህል ራሱ መጠባበቂያ ነው የሚል ነጋዴ አለ። በከፊል እውነት ነው፤ ዋጋ ሲንር አብሮ ይነሣል። ግን በቆሎን ነቀዝ ይበላዋል፣ በርበሬም ሲቆይ ከሚዛኑ ይጎድላል፤ ገዢው ካልመጣም ጆንያ የኦክስጅን ሒሳብ አይከፍልም። ሌላም አለ። በወረርሽኝ ወቅት ዋጋ እስኪሰቀል ብሎ እህል የሸሸገ፣ መጋዘኑ ታሽጎበት ንብረቱን በትዝብት ያየ ነጋዴ በየከተማው ነበር። ሕጉን ተዪው፤ ጎረቤት ሲራብ ቁልፍ የቆለፈ ቤት በኋላ በምን ፊቱ ለቅሶ ይደርሳል? አባትሽ በዚያ ጊዜ ለጥበቃውና ለጫኞቹ በየሳምንቱ አንድ ቁና በቆሎ ይሰፍሩ እንደነበር ጽፈሽልኛል። እነዚያ ሰዎች ናቸው አባትሽ ሆስፒታል ሳሉ መጋዘኑን ሌሊት ሲጠብቁ ያደሩት። ይህ በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ የማይገባ ሀብት ነውና አታስቀሩት።

ጅምር ፎቁን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርሽ። ሁለተኛውን ወለል በብድር ለመጨረስ አትሞክሩ። ምድር ቤቱን በራሳችሁ ገንዘብ ጨርሳችሁ አከራዩ፤ ኪራዩ የላዩን ይሥራው። በየከተማችን ብረቱ ወደ ሰማይ አፍጥጦ የቆመው ፎቅ ሁሉ የአንድ ነጋዴ መግዣ የተቀበረበት ነው።

ስለ ዕዳ ባጭሩ። ወንድምሽ በዚያ ጭንቅ አራጣ ውስጥ መግባቱን አልፈርድበትም፤ የአባቱን ትንፋሽ ነው የገዛው። ሆኖም አራጣ በወንጀል የሚያስጠይቅ ነገር ስለሆነ አበዳሪው ውሉን ይደብቀዋል፤ በተደበቀ ውል ደግሞ የሚጎዳው ተበዳሪው ነው። ከባንክ ብድር ካላችሁ ችግሩ እንደመጣ፣ ክፍያ ሳታቋርጡ በፊት፣ ሄዳችሁ የክፍያ ጊዜው እንዲሸጋሸግ በጽሑፍ ጠይቁ። በ2012 ብድር የማሸጋሸግ ዕድል ተከፍቶ ነበር፤ የቆየ የግብር ዕዳ ተሰርዞ፣ የቅርቡም ወለድና ቅጣት ተነሥቶ ነበር። ተጠቃሚ የሆነው ሒሳቡ በእጁ የነበረ ነጋዴ ነው። እቁብን አትተዉ፤ ዋስና ጸሐፊ ያለው እቁብ ደግ ነገር ነው። ግን ሁለት ትልልቅ እቁብ አንድ ላይ አትግቡ፤ የመጋዘኑንም መግዣ እቁብ ውስጥ አትክተቱ።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በመጀመሪያ ውክልና። አባትሽ ታመው ሳሉ ወንድምሽ ባንክ ሄዶ የተመለሰው ውክልና ስላልነበረው ነው። ውልና ማስረጃ ቀርበው ለወንድምሽና ለአንቺ በጣምራ የባንክ ሒሳብ የማንቀሳቀስ፣ እህል የመግዛትና የመሸጥ፣ ግብር የመክፈል ሥልጣን ይስጡ። ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ያንን ባይሰጡ ይሻላል፤ የእናንተ ችግር የዕለት ሥራ መቆሙ እንጂ የቤት ሽያጭ አይደለም። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፦ ውክልና ወካዩ ሲሞት በመሠረቱ ይወድቃል። አባቱ ባረፉ በማግስቱ በውክልና ብር አውጥቶ ለቀብር ያዋለ ልጅ፣ ኋላ በእህቶቹ ተከሶ መከራውን ያየበት መዝገብ በእጄ አልፏል።

ስለዚህ ኑዛዜ ይመጣል። በቋንቋችን ኑዛዜ ለንስሐም ለውርስም አንድ ቃል ነው፤ አባቶቻችን ሁለቱንም የሚፈጽሙት በአንድ ሰዓት ነበር። ሰውየው ሲደክም የንስሐ አባት ይጠራል፣ ዘመድ ይከባል፣ «ይህ ለእገሌ፣ ያ ለእገሊት» ይባላል። አባትሽ ኑዛዜን ከሞት አፋፍ ጋር ማያያዛቸው ከዚህ የመጣ ነው፤ አትፍረጂባቸው። ነገር ግን ያ ሥርዓት በወረርሽኝ ጊዜ ፈረሰ። አባትሽ በተኙበት ክፍል ማን ገባ? እናትሽ እንኳ በመስኮት ነበር የሚያዩአቸው። የንስሐ አባታቸው አልገቡም። ሕጋችን በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክሮች ይፈልጋል፤ የ2012ቱ አዋጅ ደግሞ ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ከልክሎ ነበር። አራት ምስክርና አንድ ተናዛዥ፣ አምስት ሰው! አልጋ አጠገብ የሚደረግ ኑዛዜ በአዋጁ ወራት የማይሆን ነገር ነበር። በቃል ብቻ የተነገረ ኑዛዜም ሕጉ የሚቀበለው ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ሞግዚት ለመሰየምና እስከ 500 ብር ለሚደርስ ስጦታ ነው፤ እሱም በሦስት ወር ይወድቃል። መጋዘን በቃል አይወረስም።

ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው፣ ኑዛዜው ተጽፎ በአባትሽና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ይጻፋል፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ተጠቃሚ የሚሆን ሰው ምስክር አይሁን። ሁለተኛው፣ አባትሽ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በገዛ እጃቸው ይጽፉታል፤ ኑዛዜ መሆኑን ይገልጻሉ፤ በየገጹ ቀን ጽፈው ይፈርማሉ። ይኸኛው በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ካልተቀመጠ ይወድቃል። አንቺ ኮምፒውተር ላይ ጽፈሽላቸው እርሳቸው ቢፈርሙ ይህ መንገድ አይሆንም፤ ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አባትሽን ማን ያናግር? አንቺም ወንድምሽም አትሁኑ። ልጅ ኑዛዜ ሲያነሣ የአባቱን ሞት የሚጠብቅ ይመስላል። የንስሐ አባታቸውን ለምኑ፤ ካልሆነም የእድሩን ዳኛ። እናንተ መጀመሪያ አምስታችሁ ተስማሙና «አባየ የወሰኑትን እንቀበላለን» ብላችሁ ላኩ። ቀኑም የሕመም ሳይሆን የደስታ ይሁን፤ የማኅበሩ ተራ እናንተ ቤት የዋለ ዕለት፣ እንግዳው ሲሄድ፣ አባትሽ ጠላውን ይዘው ዘና ሲሉ። የሚነገራቸውም «ሲሞቱ ምን ይሁን?» ተብሎ አይሁን። «በዚያ በ26 ቀን የሆነው እንዳይደገም ምን ያዛሉ?» ተብሎ ይሁን። ነጋዴ ናቸውና ለትእዛዝ ይነሣሉ።

ክፍፍሉን ለማሰብ እንዲረዳሽ አንድ ስሌት ልስጥሽ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የባልና የሚስት የጋራ ነው። የሁሉ ዋጋ 4,000,000 ብር ነው ብንል፣ 2,000,000ው የእናትሽ ነው፤ ይህ ውርስ አይደለም፣ የራሳቸው ነው። ኑዛዜ ከሌለ የአባትሽ ድርሻ ለአምስት ልጆች እኩል 400,000 ይደርሳል፤ ወንድ ሴት የለም፣ አዲስ አበባ ያለውም ቡሬ ያለውም እኩል ነው። መጋዘኑን የሚያንቀሳቅሰው ወንድምሽ እንዲቀጥልበት ከፈለጋችሁ የሌሎቻችሁ ድርሻ ከሱቆቹና ከፎቁ እንዲሆን በኑዛዜው ማስተካከል ይቻላል። መጋዘንን አምስት ቦታ መቁረጥ ግን አምስት ባዶ ክፍል ማግኘት ነው።

ንግዱን ወደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለ ማዞር ጠይቀሻል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ በአንድ ሰው ብቻ የሚቋቋም ማኅበርም ፈቅዷል። ጥቅሙ የንግዱ ዕዳ የመኖሪያ ቤታችሁን በቀጥታ እንዳይነካ ማድረጉና አንድ አባል ሲያልፍ ድርጅቱ መቀጠል መቻሉ ነው። ግን የሒሳብ አያያዙ ይጠነክራል፤ ባንክም ሲያበድር የግል ዋስትና መጠየቁን አይተውም። ሁለቱ ኪሶች ሳይለዩ ማኅበር ብታቋቁሙ የድሮው መሳቢያ ማኅተም ይዞ ይቀጥላል። አንድ ዓመት ሒሳቡን ለዩና ያኔ እንነጋገር። ለመጋዘኑ የእሳት ዋስትና ግን ዛሬውኑ ግቡ፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮም ለማንም ቢሆን አይቋረጥ።

የመጀመሪያው ሥራሽ ደብተሩ ነው። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሰዓት ያህል እንዲሰጡሽ አባትሽን ለምኚ፤ አንቺ ጠይቂ፣ እርሳቸው ይናገሩ፣ አንቺ ጻፊ። በአንድ እሑድ አያልቅም፤ አራት አምስት እሑድ ይፈጃል። እናትሽን አጠገባችሁ አስቀምጪ። ያቺ የደብረ ማርቆስ አካባቢ እናት በኋላ ሲያጫውቱኝ፣ ባለቤታቸው ዱቤ ሲሰጡ 30 ዓመት ሙሉ እርሳቸው ጓዳ ሆነው ቡና ሲያፈሉ ነበር፤ ድምፅ ይሰማሉ፣ ፊት ግን አያዩም። አንድ ቀን ተጠርተው ቢቀመጡ ኖሮ ቀዩ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር።